የማይታየው ባይት፦ የጽሑፍ ፋይል ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሲሻገር መስመሩ ለምን ይዛባል?

ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች እስከ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማደሪያ ድረስ፣ አንድ ዓይነት ግራ መጋባት ይደጋገማል። ዊንዶውስ በጫነ ላፕቶፕ ላይ ምንም ያልነበረበት ፋይል፣ ሊኑክስ ወዳለበት ሰርቨር ሲጫን አልሠራ ይላል። ከሰርቨሩ የወረደው ደግሞ ዕድሜ በጠገበ ኮምፒውተር ሲከፈት፣ መቶ መስመር የነበረው ጽሑፍ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ረጅም መስመር ሆኖ ይገኛል። ጣት የሚቀሰረው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቫይረስ ነው፤ አለዚያም ወደ ፍላሹ፣ ወይም ፋይሉ ወደተላከበት ቴሌግራም። እዚህ ላይ ሦስቱም ከደሙ ንጹሕ ናቸው። ቴሌግራም በፋይልነት የተላከለትን ሰነድ ውስጡን አይነካም፤ ጤነኛ ፍላሽም የተሰጠውን እንዳለ ያስቀምጣል። ፋይሉ አልተበላሸም። ሁለት የኮምፒውተር ሥርዓቶች «መስመር አለቀ» የሚለውን ነገር በተለያየ ምልክት ስለሚጽፉት፣ አንዱ የሌላውን ሳይረዳ ቀርቷል።

ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የሚነካቸው ሰዎች ግን እየበዙ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የፕሮግራም ጽሕፈትና የዳታ ትንተና መሠረታዊ ትምህርትን በኢንተርኔት ለወጣቶች ከፍቷል። ጎንደር ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረው ዩኒቨርሲቲዋ ባቆየላት ልማድ፣ የቤት ለቤት የጤና መረጃ መሰብሰብ ሥር የሰደደባት ከተማ ናት። በታብሌት ተሰብስቦ፣ በሰርቨር ተከማችቶ፣ በተማሪ ላፕቶፕ የሚተነተን መረጃ ሦስት ሥርዓቶችን ሊያቋርጥ ይችላል፤ አንድሮይድን፣ ሊኑክስንና ዊንዶውስን። ዊንዶውስ ደጃፍ ላይ ሲደርስ የመስመር ማብቂያው ጉዳይ ይጠብቀዋል።

መስመር ባዶ ቦታ አይደለም

ኮምፒውተር የጽሑፍ ፋይልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ተራ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ባይት ይባላል፤ ከ0 እስከ 255 ሊሆን ይችላል። ፊደሉም፣ ክፍት ቦታውም፣ ነጥቡም የሚጻፈው በባይት ነው። ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ ስንጫን ዓይናችን የሚያየው ባዶ ቦታ ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ግን ቁጥር ተጽፏል።

ከብራና ጋር ማነጻጸሩ ነገሩን ያቀርበዋል። ቁም ጸሐፊ ብራናውን ወግቶና አስምሮ ሲጽፍ፣ ዓምዱ ከሞላበት ቃሉ ገና መካከል ላይ ቢሆንም ቀሪውን ፊደል ወደ ታችኛው መስመር ያወርደዋል። «መስመር እዚህ አለቀ» የሚል ምልክት አያኖርም። የሚያኖረው ቃልን ከቃል የሚለይ ሁለት ነጥብና ሐሳብን የሚዘጋ አራት ነጥብ ነው። መስመሩን የሚወስነው የዓምዱ ስፋት ነው፤ አንባቢውም በዓይኑ ይከተለዋል። ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ጠርዝ አያይም። ጽሑፉ ለእሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተዘረጋ አንድ ክር ነው፤ የት እንደሚታጠፍ የሚነግረው ምልክት ክሩ ላይ መኖር አለበት።

ለማጠፊያው ሁለት ምልክቶች አሉ። ቁጥር 13 «ካሬጅ ሪተርን» ይባላል፤ ወደ መስመሩ መነሻ ተመለስ ማለት ነው። ቁጥር 10 «ላይን ፊድ» ይባላል፤ አንድ መስመር ወደ ታች ውረድ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን መላሽ፣ ሁለተኛውን አውራጅ እንበላቸው። ዊንዶውስ መስመር የሚዘጋው ሁለቱን አከታትሎ ነው፤ መላሽ፣ ከዚያ አውራጅ። ሊኑክስ፣ አንድሮይድና የዛሬዎቹ የአፕል ኮምፒውተሮች አውራጅን ብቻ ይጽፋሉ። የድሮዎቹ ማኪንቶሾች ደግሞ እስከ ማክ ኦኤስ 9 ድረስ መላሽን ብቻ ይጽፉ ነበር።

የጽሕፈት መኪናው ውርስ

በየመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪና ሲመታ የኖረ ታይፒስት ሁለቱን ድርጊቶች በእጁ ያውቃቸዋል። መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወሉ ያቃጭላል፤ በግራ በኩል ያለው ማንሻ ሲገፋ ወረቀቱን የተሸከመው ክፍል ወደ መነሻው ይንሸራተታል፤ ሮለሩም ይዞርና ወረቀቱ አንድ መስመር ከፍ ይላል። አንድ የእጅ ግፊት ይምሰል እንጂ ሥራው ሁለት ነው።

ቴሌታይፕ፣ ማለትም በሽቦ የመጣለትን መልእክት በራሱ የሚያትም የጽሕፈት መኪና፣ ሁለቱን ሥራዎች ለየብቻ በምልክት መታዘዝ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ውስጥ የወጣው አስኪ የተባለ የፊደላት ቁጥር ሥርዓት ለእነዚሁ ምልክቶች ቋሚ ቁጥር ሰጣቸው። በዚያው ዓመት ገበያ ላይ የዋለው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 በሴኮንድ 10 ፊደል ያትም ነበር። አንድ ፊደል የሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ይደርሰዋል ማለት ነው። የማተሚያው ጭንቅላት ከቀኝ ጠርዝ ወደ ግራ ለመመለስ ግን ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ መላሹ ቀድሞ ይላካል፤ ጭንቅላቱ ገና መንገድ ላይ ሳለ አውራጁ ይከተልና ወረቀቱን ከፍ ያደርጋል። ቅደም ተከተሉ እንደ ዘፈቀደ የሚቆጠር አይደለም፤ ቀጣዩ ፊደል መንገድ ላይ እንዳይታተም ጊዜ ይገዛ ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። የማልቲክስ ሥርዓት መሐንዲሶች፣ እነሱን ተከትሎም እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረው ዩኒክስ፣ ፋይል ውስጥ አንድ ምልክት ይበቃል ብለው ወሰኑ። ማተሚያው ተጨማሪ ምልክት ከፈለገ ማተሚያውን የሚያዘው ፕሮግራም በኅትመት ሰዓት ይጨምርለት ነው ሐሳባቸው። ሊኑክስ የዚህ ወራሽ ነው። በሌላው ወገን ጌሪ ኪልዳል እ.ኤ.አ. በ1974 የሠራው ሲፒኤም የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት የማሽኑን ልማድ እንዳለ ፋይል ውስጥ አስገባው፤ በ1981 የወጣው የማይክሮሶፍት ዶስ ከሲፒኤም፣ ዊንዶውስም ከዶስ ወረሱት።

«ዊንዶውስ ብቻውን አፈንጋጭ ነው» የሚለው የተለመደ አነጋገር ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ኢሜይል የሚጓዝበት ኤስኤምቲፒ የሚባለው ሕግ፣ ድረ ገጽ የሚጠራበት ኤችቲቲፒ 1.1ም ጭምር፣ የትእዛዝ መስመሮቻቸውን በመላሽና በአውራጅ ይዘጋሉ። በየቀኑ የምንልከው ኢሜይል የቴሌታይፑን ጥንድ ምልክት ይዞ ነው የሚሄደው።

ሲሻገር ምን ይሆናል?

ቀላሉን እናስቀድም። ኖትፓድ የሚባለው የዊንዶውስ ጽሑፍ መክፈቻ አውራጅን ብቻውን እንደ መስመር ማብቂያ መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ነው። ከዚያ በፊት ባሉ ኮምፒውተሮች ከሊኑክስ የመጣ ጽሑፍ ሳይታጠፍ ይታያል። የሚያስደነግጥ ቢመስልም ጉዳቱ የመልክ ብቻ ነው፤ ፋይሉን ሌላ ፕሮግራም ቢከፍተው መስመሮቹ ቦታቸው ላይ ናቸው። ተቃራኒውም አለ። አንዳንድ ፕሮግራም መላሹንም አውራጁንም ለየብቻ እንደ መስመር ማብቂያ ይቆጥርና በየመስመሩ መካከል ባዶ መስመር ያስገባል። ለተራ ማስታወሻ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ለቅኔ ግን መስመር የይዘቱ አካል ነው፤ ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና አራት መስመር ሆኖ ሲወጣ ቤት መምቻው የት እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ይሳሳታል።

ከባዱ ችግር ስክሪን ላይ የማይታየው ነው። አንድ የዳሰሳ ጥናት ቡድን የቦታ ስሞችን ዝርዝር ዊንዶውስ ላይ አዘጋጀ እንበል፤ አዘዞ፣ ቆላድባ፣ ዳባት፣ ደባርቅ፣ በየመስመሩ አንዳንድ። ዝርዝሩ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ሄደ፤ እዚያ ያለ ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተር ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች ፋይል፣ እያንዳንዱን ስም ከዋናው መዝገብ ጋር ያመሳክራል። ስክሪፕቱ መስመር የሚቆርጠው አውራጁ ላይ ስለሆነ መላሹ ከስሙ ጅራት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ለሰርቨሩ ስሙ «አዘዞ» አይደለም፤ «አዘዞ» ሲደመር ቁጥር 13 ነው። ለዓይን ልዩነት የለውም፤ ሲመሳከር ግን አይገጥምም። ውጤቱ «አልተገኘም» የሚል ይሆናል። ከመጨረሻው ስም በኋላ ኢንተር ካልተጫነ ደግሞ ደባርቅ ብቻዋን ልትገጥም ትችላለች፤ ያን ጊዜ ግራ መጋባቱ ይብሳል፤ ሰው በስሞቹ አጻጻፍ ላይ ስሕተት ፍለጋ ይገባል።

ከዚህም የሚከፋው ድብልቅ ፋይል ነው። ግማሹ ዊንዶውስ ላይ ተጽፎ፣ ጥቂት መስመር ሰርቨሩ ላይ የተጨመረበት ዝርዝር ከፊሉ ይገጥማል፣ ከፊሉ አይገጥምም። ምንም ካልተገኘ ሰው ይጠራጠራል፤ ግማሹ ሲገኝ ግን ቁጥሩ እውነት ይመስላል፣ ወደ ሪፖርትም ይገባል። የመስመር ማብቂያን እንደ ጥቃቅን የቴክኒክ ጣጣ ማየት ትክክል የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ የትንተና ሠንጠረዥ ውስጥ «ሴት» የሚል ሁለት ረድፍ ከታየ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ ለየብቻ ከተቆጠሩ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት በመስመሩ መጨረሻ ላይ የተደበቀው መላሽ ነው።

ስክሪፕት ራሱ ዊንዶውስ ላይ ሲጻፍ የሚሆነውም ከዚሁ የተወለደ ነው። የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር የትኛው ፕሮግራም እንደሚያነበው ይናገራል። መላሹ ከፕሮግራሙ ስም ጋር ሲጣበቅ ሊኑክስ በዚያ እንግዳ ስም የሚጠራ ፕሮግራም ይፈልግና «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል። ተማሪው ፋይሉን ፊት ለፊቱ እያየው ነው፤ የለም የተባለው ግን ሌላ ነው። መልእክቱም ተቆራርጦ ሊታይ ይችላል፤ መላሹ ሲታተም ጠቋሚውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ ስለሚመልሰው፣ ተከትሎት የሚመጣው ጽሑፍ በፊተኛው ላይ ይደረባል። አንዳንድ ፕሮግራሞች መላሹን የቀስት ጫፍ በሚመስል ምልክትና በላቲኑ ኤም ፊደል ያሳዩታል። ኤም የተመረጠው በላቲን ፊደል ተራ 13ኛ ስለሆነ ነው።

በቡድን ኮድ ለሚጽፉ ደግሞ ችግሩ በጊት በኩል ይመጣል። ጊት ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው የለውጥ መዝገብ ነው፤ ማን የትኛውን መስመር እንደቀየረ ያሳያል። አንዱ የቡድኑ አባል አንዲት መስመር አርሞ ፋይሉን ሲያስቀምጥ ጽሑፍ ማረሚያው የመስመር ማብቂያዎቹን በሙሉ ከቀየረ፣ ጊት መላው ፋይል እንደ አዲስ እንደተጻፈ አድርጎ ይመዘግባል። እውነተኛዋ እርማት በመቶዎች የሐሰት ለውጦች መካከል ትጠፋለች።

ል፣ ሊ፣ ግ፣ ጊ

እስካሁን ያለው ለማንኛውም ቋንቋ ይሠራል። በአማርኛ ላይ ግን የራሱ የሆነ አደጋ አለ፤ ስለ ጉዳዩ የተጻፉት መመሪያዎች አብዛኞቹ ላቲን ፊደልን አስበው የተጻፉ ስለሆኑ አይጠቅሱትም።

የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሰጠ ስምምነት ነው። ቁጥሩ ፋይል ውስጥ በባይት የሚጻፍበት መንገድ ግን ከአንድ በላይ ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው መንገድ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሦስቱም ከ127 በላይ ናቸው። ለምሳሌ «ል» 225፣ 136፣ 141 ነው። እዚህ ውስጥ 13ም ሆነ 10 ሊገኝ አይችልም። ስለዚህ በዩቲኤፍ 8 የተጻፈ አማርኛ ውስጥ 13ን ፈልጎ የሚያጠፋ መሣሪያ የሚያገኘው መላሹን ብቻ ነው፤ ፊደል አይነካም።

ዩቲኤፍ 16 ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ነው፤ አራት የአማርኛ ፊደላትም በውስጣቸው 13ን ወይም 10ን ይዘዋል። «ል» 13 እና 18 ነው፤ «ግ» 13 እና 19፤ «ሊ» 10 እና 18፤ «ጊ» 10 እና 19። ባይት በባይት ለሚያይ መሣሪያ «ል» ውስጥ መላሽ፣ «ሊ» ውስጥ አውራጅ አለ።

በአንድ የታወቀ ስም እንየው። «ፋሲል ግቢ» ዊንዶውስ በሚጠቀምበት የዩቲኤፍ 16 አጻጻፍ እንዲህ ይቀመጣል፤ ጥንድ ጥንዱ አንድ ፊደል ነው፦

75 19 · 50 18 · 13 18 · 32 0 · 13 19 · 98 18

ሦስተኛው ጥንድ «ል»፣ አራተኛው ክፍት ቦታ፣ አምስተኛው «ግ» ነው። አሁን አንድ ሰው ከኢንተርኔት ያገኘውን «13ን በሙሉ አጥፋ» የሚል ትእዛዝ ይህ ፋይል ላይ ቢያስኬድ ሁለቱ 13ዎች ይወጣሉ፤ የቀሩት ባይቶችም እንደገና ጥንድ ጥንድ ሆነው ይነበባሉ፦

75 19 · 50 18 · 18 32 · 0 19 · 98 18

«ፋሲል ግቢ» «ፋሲ‒ጀቢ» ይሆናል። የ«ል» ግማሽ ከክፍት ቦታው ግማሽ ጋር ተጋብቶ ሰረዝ ወለደ፤ የክፍት ቦታው ሌላ ግማሽ ከ«ግ» ግማሽ ጋር ሆኖ «ጀ» ሆነ። «ቢ» የተረፈችው የጠፉት ባይቶች ሁለት ስለሆኑ ነው፤ ጥንዱ ተመልሶ ገጠመ። አንድ ብቻ ቢጠፋ ኖሮ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ሌላ ባይት እስኪጠፋ ድረስ፣ አንድ ደረጃ ተንሸራቶ የማይነበብ ይሆን ነበር። እውነተኛው የመስመር ማብቂያም አይተርፍም። በዚህ አጻጻፍ መላሽና አውራጅ 13፣ 0፣ 10፣ 0 ናቸው፤ 13 ብቻ ሲጠፋ ተከታዩ 0 ያለ ጥንድ ይቀራል።

ዩቲኤፍ 16 ፋይል ከየት ይመጣል ለሚል፣ አማርኛ ጸሐፊዎች ለዓመታት ወደዚያ ሲገፉ ነው የኖሩት። በድሮው ኖትፓድ ሳይጠየቅ የሚመረጠው አጻጻፍ «አንሲ» የሚባለው ነበር፤ አማርኛ በዚያ ሲቀመጥ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ከዚያ ለማምለጥ ተጠቃሚው «ዩኒኮድ» የሚለውን መምረጥ ተማረ፤ ኖትፓድ ዩኒኮድ ይለው የነበረው ደግሞ ዩቲኤፍ 16ን ነው። ኤክሴልም «ዩኒኮድ ቴክስት» በሚል ሲያስቀምጥ እንዲሁ ያደርጋል። የዛሬው ኖትፓድ ሳይጠየቅ ዩቲኤፍ 8 ይመርጣል፤ ከዚያ በፊት የተጻፈው የመዝገብ፣ የደብዳቤና የመመረቂያ ጽሑፍ ክምችት ግን አሁንም በየቢሮው አለ። አማርኛ ሲሆን የመጀመሪያው ጥያቄ «መስመሩ በምን ያልቃል?» ሳይሆን «ፋይሉ በየትኛው አጻጻፍ ተቀመጠ?» መሆን አለበት።

ማን ይቀይር?

መቀየሩ ራሱ ቀላል ነው። ሊኑክስ ላይ ዶስ ቱ ዩኒክስ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም መላሹን ያወጣል፤ ዩኒክስ ቱ ዶስ ደግሞ ይመልሳል። የቅርብ ዓመታት እትሞቻቸው ዩቲኤፍ 16ን በፋይሉ መግቢያ ላይ ካለው ምልክት ለይተው በጥንቃቄ ይይዙታል። እንደ ቪኤስ ኮድና ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ያሉ ጽሑፍ ማረሚያዎች የመስመር ማብቂያውን ዓይነት በመስኮቱ ግርጌ ያሳያሉ፤ በአንድ ጠቅታም ይቀይራሉ። ክርክሩ ያለው መቼና በማን ይቀየር በሚለው ላይ ነው።

አንደኛው ወገን እያንዳንዱ ኮምፒውተር በራሱ ልማድ ይሥራ፤ መሣሪያው በድንበሩ ላይ እያስተረጎመ ያሻግር ይላል። ጊት ዊንዶውስ ላይ ሲጫን የሚጠይቀው ጥያቄ ይህንኑ ነው፤ ፋይል ወደ ላፕቶፑ ሲወርድ መላሽ እንዲጨመር፣ ወደ ጋራ ማከማቻው ሲመለስ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ተጠቃሚው ምንም ሳያውቅ ይሠራል። ሌላው ወገን ማንም በመንገድ ላይ አይንካው ባይ ነው። የአንድ ባይት ለውጥ የፋይሉን ቼክሰም፣ ማለትም ፋይሉ እንዳልተነካ ማረጋገጫ የሚሆነውን አሻራ፣ ሙሉ በሙሉ ይቀይረዋል። የጥናት መረጃ እንዳለ መቆየቱን ማሳየት ያለበት ተመራማሪ ይህ ቢያሳስበው አይፈረድበትም። ሦስተኛዎቹ ነገሩ አልፎበታል ይላሉ፤ አዳዲስ ፕሮግራሞች ሁሉንም ያነባሉና። ስለ ጽሑፍ ማረሚያዎች ከሆነ ልክ ናቸው። ስለ ሰርቨር ስክሪፕቶችና ስለ ማመሳከሪያ ዝርዝሮች ግን አይደሉም።

የዚህ ጸሐፊ ሚዛን የሚያጋድለው በጋራ ለሚሠራ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ደንብ መኖሩ ላይ ነው፤ ዩቲኤፍ 8 እና አውራጅ ብቻ። አውራጅን ዛሬ የማያነብ ማረሚያ እምብዛም የለም፤ መላሽ ሲጨመር የሚሰናከል ስክሪፕት ግን ብዙ አለ። ደንቡም በእያንዳንዱ ሰው ላፕቶፕ ቅንብር ላይ ሳይሆን ከሥራው ጋር አብሮ በሚጓዝ ፋይል ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ጊት ለዚህ «ጊት አትሪቢውትስ» የሚባል ፋይል አለው። አምስት ተማሪዎች አምስት ዓይነት ቅንብር ይዘው ቢመጡ የሚገዛቸው የሥራው ደንብ ይሆናል። የመጀመሪያው የጥናት መረጃ ግን እንደተሰበሰበ ይቀመጥ፤ የሚቀየረው ቅጂው ነው።

በደንቡ የማይገዙ

ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠሩ ባች ፋይሎች፣ ማለትም የዊንዶውስ የራሱ ስክሪፕቶች፣ መላሹን ይፈልጋሉ፤ ሲነሳባቸው አንዳንዶቹ ትእዛዛቸውን ይስታሉ። ለእነሱ ደንቡ ላይ ልዩ መስመር መጻፍ ይበቃል።

ሲኤስቪ፣ ማለትም ሠንጠረዥን በነጠላ ሰረዝ ለይቶ በጽሑፍ የሚያስቀምጠው ፋይል፣ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጻፈው መግለጫው ረድፍ በመላሽና በአውራጅ ይዘጋ ይላል። መረጃ ሰብሳቢው ለክፍት ጥያቄ የተሰጠውን መልስ ሲመዘግብ ኢንተር ከተጫነ፣ ወይም ኤክሴል ሴል ውስጥ መስመር ከታጠፈ፣ በትምህርተ ጥቅስ መካከል አውራጅ ብቻውን ይገባል። በእንዲህ ያለ ፋይል የረድፉ ማብቂያና የሴሉ ውስጥ መታጠፊያ የሚለያዩት በመላሹ ነው። ፋይሉን ሳይመረምሩ በጅምላ መቀየር ያንን ልዩነት ያጠፋዋል፤ ትምህርተ ጥቅሱን የማያከብር ቀላል ስክሪፕትም የአንዲትን እናት መልስ ለሁለት ይቆርጥና አንድ ቤተሰብን ሁለት አድርጎ ይቆጥራል።

ምስል፣ ድምፅ፣ የታመቀ ፋይል፣ ፒዲኤፍና የዎርድ ሰነድ ፈጽሞ መነካት የለባቸውም። በእነሱ ውስጥ 13 እና 10 የመስመር ምልክት አይደሉም፤ የቀለም ወይም የሌላ መረጃ ቁጥር ናቸው። ኤፍቲፒ በሚባለው የፋይል መላኪያ «የጽሑፍ» ስልት ተመርጦ ምስል ሲላክ ባይቶች ተጨምረው ወይም ጠፍተው የተበላሸው ምስል ብዙ ነው። የፒኤንጂ ምስል ዓይነት ፈጣሪዎች ይህን ስለሚያውቁ በፋይሉ መግቢያ ላይ ወጥመድ አኖሩ። ማንኛውም ፒኤንጂ በእነዚህ ስምንት ባይቶች ይጀምራል፦ 137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10። መላሽና አውራጁ አንድ ጊዜ በጥንድ፣ አውራጁ አንድ ጊዜ ብቻውን ገብተዋል። መስመር ቀያሪ መሣሪያ ፋይሉን ከነካው ከሁለቱ አንዱ መቀየሩ አይቀርም፤ ምስል ከፋቹም ገና ከደጃፉ ብልሽቱን ያውቃል። በጎንደር አድባራት ያሉ የብራና መጻሕፍትን ፎቶ አንስቶ በፒኤንጂ ለሚያስቀምጥ ሰው ይህች መግቢያ ቀላል ውለታ አይደለችም፤ የተበላሸው ቅጂ ሳይታወቅ ከደህናው ጋር ተደባልቆ እንዳይቀር ትረዳዋለች።

ወደፊት የሚጠበቀው

ዊንዶውስ ጥንዱን ምልክት በቅርቡ ይተዋል ብሎ መጠበቅ አያስኬድም። በሱ ላይ የቆመው የአርባ ዓመት ፕሮግራም ብዙ ነው። የሚታየው አቅጣጫ መቀራረብ ነው፤ ዊንዶውስ በውስጡ ሊኑክስን ማስኬድ ጀምሯል፣ ኖትፓድም ሦስቱንም የመስመር ማብቂያ ዓይነቶች ያነባል። ይህ መቀራረብ ለጀማሪው ሕይወትን ያቀላል፤ በዚያው መጠን ግን ልዩነቱን ከዓይን ይሰውራል። ሁለቱን ሥርዓቶች በአንድ ላፕቶፕ የያዘ ተማሪ ድብልቅ ፋይል የመፍጠር ዕድሉ ከበፊቱ ይሰፋል።

ለአማርኛ ከዚህ በላይ የሚከብደው ጉዳይ የቋንቋ ቴክኖሎጂ ነው። የማሽን ትርጉም የሚሠለጥንበት ትይዩ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው በሁለት ፋይሎች ነው፤ የአማርኛው 1,000ኛ መስመር የእንግሊዝኛው 1,000ኛ መስመር ትርጉም ይሆናል። የሚያስተሳስራቸው የመስመር ቁጥር ብቻ ነው። በአንዱ ፋይል ውስጥ ብቻውን የቆመ መላሽ ካለ ወይም ከድረ ገጽ ሲገለበጥ የመጣ የዩኒኮድ መስመር ለያይ ምልክት ከተደበቀ፣ መሣሪያዎች በቁጥሩ አይስማሙም። የሊኑክስ መስመር ቆጣሪ አውራጅን ብቻ ይቆጥራል፤ ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ጽሑፍን ወደ መስመሮች የሚከፍለው ትእዛዝ ግን እነዚያንም ያያል። ከዚያች ቦታ ጀምሮ እያንዳንዱ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር የጎረቤቱን ትርጉም ይዞ ይሄዳል። ጽሑፉ ብዙ ለሆነ ቋንቋ ጥቂት ሺህ የተዛነፈ መስመር ሊዋጥ ይችላል። የአማርኛው ክምችት ግን ገና ትንሽ ነው፤ አንድ ፋይል ሲዛነፍ የብዙ ሰው የትርጉም ድካም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ የድሮ አማርኛ ፋይሎችን የሚቀይር ሰው ከመቀየሩ በፊት ቅጂ ያስቀር፤ ፋይሉ ዩቲኤፍ 16 ከሆነ መጀመሪያ በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ በዩቲኤፍ 8 ያስቀምጠው፤ መስመሩን ከዚያ በኋላ ይቀይር። ሲጨርስ «ል»፣ «ሊ»፣ «ግ» እና «ጊ» በዋናው ፋይልና በተቀየረው ስንት ስንት ጊዜ እንደሚገኙ በማረሚያው መፈለጊያ ያስቆጥር። ከአራቱ የአንዱ እንኳ ቁጥር ከጎደለ የተቀየረው ቅጂ ይጣላል፤ ሥራው ከዋናው ፋይል እንደገና ይጀመራል።